ባልደራስ ለሌለው ባለፈረስ፦ የጋጣ ሥራን የሚያሳጥሩ ዘዴዎች

ፈረስ ያለው ሰው ሥራ አያጣም። ማብላት አለ፣ ማጠጣት አለ፣ ፋንድያ መጥረግ፣ ሰኮና መፈተሽ፣ ከኮርቻ ሥር የሚነጠፈውን ላብ የጠጣ መደላድል ማድረቅ አለ። ታዲያ ደብረ ብርሃንም ይሁን መንዝ፣ ጫጫም ይሁን ሳሲት፣ ጠዋት ጠዋት ጋጣ የሚገባን ሰው ልብ ብላችሁ ብታዩት ጊዜውን የሚፈጀው ሥራው ራሱ አይደለም፤ ምልልሱ ነው። ገብሱ ጓዳ ነው። ጭዱ ከቤት ጀርባ ነው። ውኃው ግቢ በር ላይ ነው። አካፋውን ደግሞ ትናንት ጎረቤት ወስዶታል።

አንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው፣ ይህን ጣጣ የሚይዝላቸው ባልደራስ ነበራቸው። እኛ የለንም። ከሥራ በፊትም ሆነ ከሥራ በኋላ ባለችን ጥቂት ጊዜ አብዪውም፣ አጠጪውም፣ ጠራጊውም እኛው ነን። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ዘዴዎች አንድ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው፦ እግራችሁን አሳርፉ፣ ዓይናችሁን ግን አታሳርፉ። ምልልሱ ይቀነስ፤ ፈረሱን የምታዩበት ጊዜ እንዳለ ይቆይ።

ዕቃው ሁሉ በአንድ ግድግዳ

ከጋጣው በር አጠገብ፣ ፈረሱ አንገቱን ዘርግቶ የማይደርስበት ግድግዳ ምረጡ። ትልልቅ ሚስማር ወይም የእንጨት ችካል ምቱበት። ዕቃውን የምትሰቅሉት በምትጠቀሙበት ቅደም ተከተል ነው። ከበሩ ስትገቡ መጀመሪያ የማሰሪያው ገመድ፣ ቀጥሎ የሰኮና መጥረጊያና ብሩሽ፣ ከዚያ መንሽና አካፋ። የመንሹ ጥርስ ወደ ግድግዳው ይዙር። ልጓምና ኮርቻ መጨረሻ ላይ ይሁኑ።

በእያንዳንዱ ዕቃ ዙሪያ በከሰል መስመር አስምሩ። ልጆች ገመዱን ለጨዋታ ከወሰዱት ወይም አካፋው ተውሶ ከቀረ፣ ባዶው ሥዕል ማታውኑ ይነግራችኋል። ጠዋት በጨለማ ከመፈለግ ያድናል።

የሰኮና መጥረጊያ ገበያ ላይ ካጣችሁ አሮጌ ካቻቢቴ ይበቃል። ብየዳ ቤት ወስዳችሁ ጫፉን ሦስት ጣት ያህል አስቆልምሙት፣ ስለቱን በሞረድ አደንዝዙት። እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ጠምጥሙበት፤ ጭድ ውስጥ ሲወድቅ ቶሎ ይታያል።

ቀለብ፦ አንዴ መዝኑ፣ ሳምንቱን ሙሉ ተገላገሉ

«አንድ ጣሳ ነው የምሰጠው» የሚል ባለፈረስ ብዙ ነው። የምን ጣሳ? አንድ ጣሳ ገብስና አንድ ጣሳ ፉርሽካ ክብደታቸው ለየቅል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የፈረሱን ክብደት እንገምት። የከብት ሚዛን አያስፈልግም፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል።

ሜትሩን ከፊት እግሮቹ ኋላ አዙራችሁ የደረቱን ዙሪያ ለኩ። ቀጥሎ ከትከሻው የፊት ጫፍ እስከ ቂጡ የኋላ ጫፍ ያለውን ርዝመት ለኩ። ሁለቱም በሴንቲ ሜትር ይሁን። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዙት፣ የመጣውን በርዝመቱ አባዙት፣ ከዚያ ለ11,880 አካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር በግምት የፈረሱ ኪሎ ነው። ደረቱ 145፣ ርዝመቱ 135 የሆነ ፈረስ 239 ኪሎ ገደማ ይመዝናል ማለት ነው። ስሌቱ የፈረስ ነው፤ ለአህያ አትጠቀሙበት።

ፈረስ በቀን የሚበላው ደረቅ መኖ ከክብደቱ ከ2 እስከ 2.5 በመቶ ገደማ ነው። ለዚህኛው ፈረስ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ይሆናል። አብዛኛው ድርቆሽና ጭድ ይሁን። የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ነው፣ ማስመለስም አይችልም፤ የበዛ እህል በአንድ ጊዜ ከገባ ሆዱ ይታወካል። በዚህ ክብደት ላለ ፈረስ ገብሱ በአንድ ጊዜ ከ1 ኪሎ ባያልፍ ይመረጣል። የጋሪ ፈረስ ከሆነና መጨመር ካለበት ለጠዋት፣ ለቀትርና ለማታ ይከፈል።

አሁን ወደ ማሳጠሩ። ባለሱቁን ሚዛኑን አስፈቅዱና ገብሱንና ፉርሽካውን አንድ ጊዜ መዝኑ። ጣሳችሁ ላይ ለገብስ አንድ ጭረት፣ ለፉርሽካ ሌላ ጭረት በሚስማር አድርጉ። እሑድ ማታ የሳምንቱን ቀለብ በአሥራ አራት ከረጢት ስፈሩት፦ ሰባት የጠዋት፣ ሰባት የማታ። ከረጢቶቹን ክዳን ባለው የብረት በርሜል ውስጥ አስቀምጡ። ክዳን የሌለው በርሜል ለአይጥ ድግስ መደገስ ነው። ከዚህ በኋላ እናንተ ባትኖሩ እንኳ ልጅም ሆነ ጎረቤት ከረጢቱን አንስቶ ማፍሰስ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። «ስንት ልስጠው?» ብሎ የሚደውል የለም።

ገብሱ ሙሉ ፍሬ ከሆነ ማታ ነክራችሁት እደሩ፤ ጠዋት ለስልሶ ይጠብቃችኋል። በደጋው ብርድ ቶሎ አይቦካም። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ሞቃት አገር ግን ከመስጠታችሁ በፊት አሽትቱት። ከኮመጠጠ ይደፋ።

ደብረ ብርሃን የቢራ ፋብሪካ ስላለ አተላ ለላሞቻቸው የሚያመላልሱ ብዙ ናቸው። ለፈረስ ግን ያደረ አተላ አደገኛ ነው፤ ሻጋታና የቦካ መኖ የፈረስ ሆድ አይችልም። መኖ ስትቀይሩም ከ7 እስከ 10 ቀን ድረስ ጥቂት ጥቂት እየቀላቀላችሁ ይሁን። እዚህ ላይ ጊዜ መቆጠብ አይሠራም።

የድርቆሽ መረብ

መሬት ላይ የተጣለ ድርቆሽ ግማሹ ይበላል፣ ግማሹ ይረገጣል፣ የተረገጠው ደግሞ ከፋንድያው ጋር ተጠርጎ ይወጣል። ሁለት ጊዜ ተሸክማችሁት ሄዳችሁ ማለት ነው፤ ስታመጡም ስታወጡም።

መፍትሔው መረብ ነው። ርካሹ መንገድ አሮጌ የእግር ኳስ ግብ መረብ ነው። ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ሁለት እጥፍ አድርጋችሁ ጎንና ጎኑን በገመድ ስፉት፣ አፉ ላይ የሚጠብቅ ገመድ አሳልፉበት። በጠባብ ቀዳዳ ሲጎትት ቀስ ብሎ ይበላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ያገኛል። ሥራ የፈታ ፈረስ ግርግሙን ማኘክ ይጀምራል።

አሰቃቀሉ ላይ ተጠንቀቁ። መረብ ባዶ ሲሆን ወደ ታች ይረዝማል። ስለዚህ ባዶውን ስቀሉና እዩት፤ የታችኛው ጫፍ ከፈረሱ ደረት በታች መውረድ የለበትም። ከወረደ እግሩን ያስገባበታል። የማዳበሪያ ጆንያ ቀዶ መስቀል ቀላል ይመስላል፤ እኔ አልመክርም። የፕላስቲኩ ክር እየተፈታ ከሣሩ ጋር ይዋጣል፣ አንጀት ውስጥም ይጠመጠማል።

ሁለት መረብ ይኑራችሁ። ማታ ሁለቱንም ትሞላላችሁ፣ አንዱን ትሰቅላላችሁ። ጠዋት ባዶውን አውርዶ ሙሉውን መስቀል ነው፣ በቃ። ድርቆሹ አቧራ ከሆነና ፈረሱ የሚያስል ከሆነ መረቡን እንዳለ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አውጡትና አንጠፍጥፉት። ከአውድማ በቀጥታ የመጣ ጭድም እንዲሁ ነው፤ አቧራው ለሳንባ አይሆንም።

ውኃ

ከሁሉ ወገብ የሚቆርጠው ይህ ነው። 240 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ፈረስ ሥራ ሳይነካ ቢውል እንኳ ከ10 እስከ 15 ሊትር ይጠጣል። ፀሐይና ጋሪ ከተጨመረበት እጥፍ ይደርሳል። በየቀኑ አንድ ወይም ሁለት ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ መመላለስ ነው።

ቧንቧ ግቢያችሁ ካለ ቀላል ነው። ጎማውን በጋጣው ግድግዳ አሳልፋችሁ ከገንዳው ጋር አስሩትና፣ ሮቶ ላይ የሚገጠመውን ሲሞላ ራሱ የሚዘጋውን ተንሳፋፊ ኳስ ጫፉ ላይ አስገጥሙ። ቧንቧውን ከፍቶ መርሳትና ጋጣውን ማጥለቅለቅ ይቀራል። ተንሳፋፊውን በላሜራ ወይም በጣውላ ሸፍኑት፤ ፈረስ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየ መነካካቱ አይቀርም።

ቧንቧ ከሌለ ደግሞ ቆርቆሮው ይሥራላችሁ። የጋጣው ጣሪያ ላይ አሸንዳ አድርጋችሁ በርሜል ሥሩ ካስቀመጣችሁ፣ ሐምሌና ነሐሴ ውኃ የመሸከም ወር መሆኑ ያበቃል። በርሜሉ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ከሥሩ ቧንቧ ይገጠምለት፤ ባልዲ ማጥለቅ አያስፈልግም።

ፈረሱ ባልዲውን እየገለበጠ ካስቸገራችሁ አሮጌ የመኪና ጎማ መሬት ላይ አጋድሙና ባልዲውን መሐሉ አስቀምጡት። አይገለበጥም።

የኛ አገር ልዩ ጣጣ ውርጩ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ ከኅዳር ጀምሮ ሌሊቱ ገንዳ ላይ በረዶ ይጋግራል። ፈረስ በጣም የቀዘቀዘ ውኃ ይቀንሳል። ውኃ ሲቀንስና ደረቅ ጭድ ሲበላ አንጀቱ ይደርቅና ቁርጠት ይመጣል። ስለዚህ በብርዱ ወራት በርሜሉን ጭድ በተሞላ ጆንያ ዙሪያውን አልብሱት፣ አፉንም በጣውላ ክደኑት። ለጠዋት የሚሆነውን አንድ ጀሪካን ደግሞ ማታ ቤት ውስጥ አሳድሩ። ግርግሙ አጠገብ አሞሌ ጨው ካንጠለጠላችሁለት እየላሰ ውኃውን ይፈልጋል።

በበጋ ከኩሬ ወይም ከቆመ ምንጭ የምትቀዱ ከሆነ አልቅትን አትርሱ። ውኃውን በነጠላ ጨርቅ አጥልላችሁ ገንዳ ውስጥ አፍስሱ። ፈረሱ ራሱ ኩሬው ላይ አፉን ከሚነክር ይህ ይሻላል። ከአፉ ወይም ከአፍንጫው ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ካያችሁ መጀመሪያ አልቅት ጠርጥሩ።

ፋንድያ

ሚስጥሩ ሰዓቱ ነው። ሌሊት የተጣለ ፋንድያ ጠዋት ከመረገጡ በፊት ክብ ክብ ሆኖ ይነሳል። ከተረገጠ ከጭዱ ጋር ይቦካል፣ ሥራውም እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት ስትገቡ መጀመሪያ መረቡን ስቀሉ፤ ፈረሱ መብላት ሲጀምር አንድ ቦታ ይቆማል፣ እናንተ ከኋላው ራቅ ብላችሁ በመንሽ ትለቅማላችሁ።

ለማውጣት የእጅ ጋሪ የግድ አይደለም። በክረምት ጭቃ ላይ የእጅ ጋሪ እንዲያውም ይቀረቀራል። ሁለት ጆንያ ተርትራችሁ አንድ ላይ ስፉ፣ አራቱ ማዕዘን ላይ ገመድ እሰሩ። ፋንድያውን መሐሉ ትጥላላችሁ፣ አራቱን ገመድ ትሰበስባላችሁ፣ ትጎትታላችሁ። ጭቃው ራሱ ያንሸራትትላችኋል።

ክምሩ የት ይሁን? ከጋጣው ቁልቁል፣ ከውኃ ጉድጓድ ርቆ፣ ወደ ጓሮው በሚወስደው መንገድ ላይ። ይህን መጀመሪያ በደንብ ካሰባችሁ፣ ለነጭ ሽንኩርቱና ለጎመኑ ብስባሽ ስትፈልጉ ሁለተኛ አትሸከሙም። ትኩሱን ፋንድያ ፈረሱ በሚግጥበት መስክ አትበትኑት፤ የሆድ ትል እንቁላል አብሮት ይበተናል። ከፍ አድርጋችሁ ከምሩት፣ እርጥበቱን ጠብቁ፣ በየሁለት ሳምንቱ አገላብጡት። መሐሉ ሲግል እንቁላሉም ይሞታል፣ የአረም ዘሩም ይቃጠላል።

ሽንት የሚቆምበት ጋጣ ካላችሁ መጥረጊያ አያድናችሁም፤ ወለሉን አስተካክሉ። በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ የሚል ቁልቁለትና ከግድግዳው ሥር ትንሽ ቦይ ይበቃል። ለጉዝጓዝ ከእንጨት ሥራ ቤት ሰጋቱራ ለምኑ። ጭድ ብትጎዘጉዙ ይበላዋል፤ ሰጋቱራ ግን አይበላም፣ እርጥቡም ተለይቶ ይነሳል።

በአንድ ሳብታ የሚፈታ ቋጠሮ

ፈረስን በሸምቀቆ ወይም በድርብ ቋጠሮ የሚያስር ሰው፣ ፈረሱ የደነገጠ ዕለት ቢላዋ ይፈልጋል። ይህን ቋጠሮ አንዴ ከለመዳችሁት እጃችሁ በራሱ ያደርገዋል።

መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያለው ቀለበት ላይ ትንሽ የሲባጎ ቀለበት እሰሩ። ፈረሱን የምታስሩት ብረቱ ላይ ሳይሆን ሲባጎው ላይ ነው። በጣም ከደነበረ ሲባጎው ይበጠሳል እንጂ አንገቱ አይጎዳም። ከፍታው በፈረሱ ዓይን ልክ ይሁን።

የገመዱን ጫፍ በሲባጎው አሳልፉ። አሁን አንዱ ወገን ወደ ፈረሱ ይሄዳል፣ ሌላው ነፃ ሆኖ እጃችሁ ላይ ነው። ነፃውን ወገን አጥፋችሁ አንድ ክብ ሥሩና ክቡን ወደ ፈረሱ በሚሄደው ገመድ ላይ አሳርፉት። ከዚያ የቀረውን ነፃ ገመድ እጠፉት። ጫፉን አይደለም የምታሳልፉት፣ እጥፉን ነው። እጥፉን በፈረሱ ገመድ ሥር አሳልፋችሁ በክቡ ውስጥ ወደ ላይ አውጡት። የፈረሱን ገመድ ሳብ ስታደርጉ ቋጠሮው ይጠብቃል። ነፃውን ጫፍ ሳብ ስታደርጉ ደግሞ ፍትት ይላል። በጥርሱ ጎትቶ የሚፈታ ብልጥ ፈረስ ካላችሁ ጫፉን በወጣው እጥፍ ውስጥ ጨምሩት፤ ስትፈቱ ግን መጀመሪያ እሱን ማውጣት አትርሱ።

ሰኮና፣ ጭቃ፣ ኮርቻ

ሰኮና ሲጠረግ በየቀኑ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ያዙ። ግራ ፊት፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ቀኝ ኋላ። ፈረሱ ተራውን ይለምደውና እግሩን ራሱ ያነሳል። ከተረከዙ ወደ ፊት ጥረጉ። መሐል ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል ከጠቆረና ከሸተተ ጋጣው እርጥብ ነው ማለት ነው።

የክረምት ጭቃን እርጥቡን አትፈትጉት። ቆዳውን ይልጠዋል፣ ጊዜም ይፈጃል። ተዉት ይድረቅ፤ ሲደርቅ በእፍኝ በተጠቀለለ ሣር ብቻ ይረግፋል። ከኮርቻው ሥርና ከመቀነቻው ቦታ ያለው ግን ሳይረግፍ ኮርቻ አይጫን።

ለመደላድል ትልቁ ዘዴ ሁለት ማድረግ ነው። አንዱ ላብ የነካው ወገኑ ወደ ላይ ሆኖ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሌላው ይጫናል። እርጥብ መደላድል የጫነ ሰው ፈረሱን ገጣባ ያደርገዋል፤ ገጣባ ፈረስ ደግሞ ቁስሉ እስኪድን መቆሙ ነው። ያተረፋችሁት ጥቂት ደቂቃ ሳምንታት ያስከፍላችኋል። ኮርቻውን ስታወርዱ መዳፋችሁን ጀርባው ላይ ከፊት ወደ ኋላ አንዴ አሳልፉ። የጋለ፣ ያበጠ ወይም ሲነካ የሚሸሸው ቦታ ካለ በነጋታው አይጫን።

ጀምበር ሳትጠልቅ

ክረምቱ ወጥቶ ውርጩ እስኪመጣ ባሉት ሳምንታት ፈረሱን ከመስክ ቀደም ብላችሁ አስገቡ። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን ገዳይ በሽታ የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች በብዛት የሚወጡት ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ከጅብም ያድናል። ክትባቱን ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ያመርታል፤ መቼ እንደሚሰጥ የወረዳችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የክትባቱንና የትል መድኃኒቱን ቀን በጠመኔ በሩ ላይ ጻፉት። ስልክ ላይ የተመዘገበ ይረሳል፤ በሩን ግን በየቀኑ ትከፍታላችሁ።

የማይታጠረው

መረቡን ስትሰቅሉ ፈረሱን እዩት። ይህ ሥራውን አያስረዝምም፣ እጃችሁ እየሠራ ዓይናችሁ ያያል። የትናንቱ ቀለብ አለቀ? ፋንድያው እንደወትሮው ነው ወይስ ደርቋል፣ ቀጥኗል? አራቱም እግሮቹ ላይ እኩል ቆሟል? ጤነኛ ሲሆን እግሮቹንና ጀርባውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ «ይሄ እብጠት ድሮም ነበር እንዴ?» ስትሉ የምታስተያዩበት ይኖራችኋል።

አልበላም ካለ፣ ወደ ጎኑ ደጋግሞ ካየ፣ መሬቱን ከጫረ፣ ከተንከባለለና ካላበው ቁርጠት ሊሆን ይችላል። መኖውን ወዲያው አንሱና ወደ እንስሳት ሐኪም ደውሉ። እየጠበቃችሁ ሦስት ነገር ቁጠሩ። የልብ ምቱን ከመንጋጋው ሥር ባለው ደም ሥር ላይ ጣታችሁን አሳርፋችሁ 15 ሰከንድ ቁጠሩና በአራት አባዙ፤ ዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ነው። ትንፋሹን ጎኑን እያያችሁ ቁጠሩ፤ ከ8 እስከ 16 ነው። ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ይሆናል። ከዚያ ጆሯችሁን ጎኑ ላይ ለጥፉ፤ ሆዱ ይጮኻል ወይስ ዝም ብሏል? ሐኪሙ ስልኩን ሲያነሳ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው። የሐኪሙን ቁጥር ከክትባቱ ቀን ሥር፣ በጠመኔ ሳይሆን በቀለም ጻፉት።